ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ የጻፍሁት ደም

ስንታየሁ የድምፅ መልእክት የላከልኝ ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። እሑድ ነው። እዚህ ኖርዌይ፣ ዝናቡ በማያባራበት ከተማ፣ ማኅበራችን ቅዳሴ በሚያስቀድስበት አዳራሽ ጓዳ ውስጥ ቆሜ የጸበል ጻዲቁን ሳህን አጥባለሁ። ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ከፈትሁት። ስንታየሁ ጎንደር ሳለሁ አብሮኝ የሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ጨዋታ አያልቅበትም። ውጭ አገር ለመማር ስለሚወስደው ፈተና ጠየቀኝ፤ በብርዱ ቀለደብኝ፤ ሊጨርስ ሲል፣ «እህ... ደግሞ ያ የአይጡ ሰውዬ፣ አያ ዳኘው፣ ባለፈው ሳምንት አረፉ አሉ። ቆላ ድባ ነው የተቀበሩ። ነፍስ ይማር» አለና ዘጋ።

ሳህን አልወደቀብኝም፤ አላለቀስሁም። አጠገቤ ሳህን ስታደርቅ የነበረችው እህት ፊቴን አይታ፣ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው?» ስትለኝ፣ «አይ፣ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው» አልኋት።

ጎረቤታችን አልነበሩም። ስለ አያ ዳኘው ተጠይቄ እውነቱን ሳልናገር ስቀር ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ዛሬ እጽፋቸዋለሁ። ግን አስቀድሞ እሳቸው ይታወቁልኝ። የበዳይን ኑዛዜ ብቻ የሚሰማ ሰው ተበዳዩን ሳያውቀው ይቀራል።

አያ ዳኘው የእንስሳት ቤት ጠባቂ ነበሩ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት ስሠራ፣ ለምርምር የሚረቡትን ነጫጭ አይጦች የሚቀልቡ፣ ሳጥናቸውን የሚያጸዱ፣ ስንወጋቸው የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። ስድሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ግራ ዘንበል የሚሉ ሰው። በልጅነታቸው ዜማ ጀምረው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ ትተውት ወደ እርሻ ተመለሱ፤ እርሻው ለወንድማማች ሲከፋፈል ጠበበና ጎንደር ገቡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአይጦቹ ጋር ይውላሉ። ዓርብ ሥራ ሲያልቅ በሚኒባስ ወደ ቆላ ድባ ይሄዱና እሑድ በአጥቢያቸው ማኅሌት ይቆማሉ፤ የጎረቤት ልጆችንም ዳዊት ያስተምራሉ።

ሥራቸው በአገራቸው መሳቂያ ነበር። ቆላ ድባ ያለችበት ደምቢያ ሜዳው ሁሉ እህል ነው፤ አይጥ ማለት ደግሞ የጎተራ ጠላት ነው። «እኛ በወጥመድ እንፈጃለን፣ ዳኘው በደመወዝ ይቀልባል» ይሏቸዋል። እሳቸው አይቆጡም። «እናንተ ዘንድ ያሉት ሌቦች ናቸው፤ እኔ ዘንድ ያሉት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው» ብለው ይመልሳሉ።

መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ጓንቴን አጥልቄ፣ የሳጥኑን ክዳን ከፍቼ፣ እጄን ሰደድ ሳደርግ አይጧ ነከሰችኝ። አያ ዳኘው ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱት።

«ምነው እታለሜ፣ የሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባ?»

እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው አሞቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው የሳጥኑ ጥግ ላይ አሳረፉና ጠበቁ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሳቸው አይጧን እንኳ አያዩም፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩ። «እሷ ትምጣ» አሉኝ። «አንቺ ከሄድሽባት ሌባ ነሽ፤ እሷ ከመጣች እንግዳ ነሽ።» አይጧ መጣች፤ ጣታቸውን አሸተተች፤ መዳፋቸው ላይ ወጣች። «ይኸው፤ ቤት ለእንግዳ ብላለች» አሉ።

በሌላ ቀን ደግሞ ከበር ላይ መለሱኝ። ጠጉሬን የተቀባሁት ቅባት ይሸታል ብለው ነው። እሳቸው ልብሳቸውን በእንዶድ ያጥባሉ፤ ሽታ ያለው ሳሙና አይነኩም። ተናድጄ፣ «ለአይጥ ብዬ ጠጉሬ ይድረቅ?» ስላቸው፣ «ለደመራ ተቀቢ፤ አይጥ ደመራ አይወጣም» አሉኝ።

አማካሪዬ ዶክተሩ አይጦቹ ስም እንዳይወጣላቸው ከልክለው ነበር፤ ሁሉም በቁጥር ነው የሚጠሩ። አያ ዳኘው ትእዛዙን አከበሩ፤ አንቱታውን ግን አላስቀሩም። «ቁጥር አሥራ ሁለት ዛሬ አኩርፈዋል፤ ምግብ አልቀመሱም» ይላሉ። ዶክተሩ ደግሞ ተረከዙ የሚጮህ ጫማ ስለሚያደርጉ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳሉ አይጦቹ ወደ ጥግ ይሸሻሉ። ስንታየሁ በዚህ ሲስቅ አያ ዳኘው፣ «ምን ያስቅሃል? ያን ጫማ ስሰማ የኔንም ደም ብትቀዳው ሆርሞኑ ሽቅብ ነው» አሉት። ዶክተሩ ደርሰው ምን እንደሚያስቀን ሲጠይቁ እሳቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ያን ጊዜ የማጠናው ነገር እንዲህ ነበር። እንስሳ ጨረር ሲያገኘው በደሙ ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። ይህን ሆርሞን የሚያወጣው ከኩላሊት በላይ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው፤ የሚታዘዘው ግን ከአንጎል ነው። ጥያቄው፣ አንጎልን የሚቀሰቅሰው ጨረሩ ራሱ ነው ወይስ ሰውነት ሲጎዳ በሽታ የሚከላከሉት ሕዋሳት የሚልኩት መልእክተኛ ነው? መልእክተኛውን የሚይዝ መድኃኒት ለአይጦቹ አስቀድመን ወግተን ከዚያ ጨረሩን ብንሰጣቸው፣ ሆርሞኑ እንደ ወትሮው ይወጣል ወይስ ዝቅ ይላል?

ይህን ለአያ ዳኘው አንድ ምሳ ሰዓት ላይ አስረዳኋቸው። ዶክተሩ ለእኔ ሲያስረዱኝ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እሳቸው የተቆረሰ ዳቦ እንደያዙ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲህ አውድማ ላይ እሳት ተነሣ» አሉ። «ጭቃ ሹሙ ቤቱ ተኝቷል። ብድግ ብሎ ወጣ። እሳቱን አይቶ ነው የነቃ ወይስ እሪ ባዩን ሰምቶ? አንቺ የእሪ ባዩን አፍ ይዘሽ ጭቃ ሹሙ ይነሣ እንደሆን ልታዪ ነው።»

ጥናቴን በሰው ፊት ባቀረብሁ ቁጥር ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰዎች ሲያጨበጭቡ «የራሴ አይደለም» ብዬ አላውቅም። ይህም ይቆጠርልኝ።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን፦ ደም የሚቀዳው ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የአይጥ ቀን የሚጀምረው የሰው ቀን ሲያልቅ ነውና፣ ያ ሆርሞን ጠዋት ዝቅ ይላል፤ ወደ ማታ ሲጠጋ ምንም ሳይነካቸው እንኳ በራሱ ይወጣል። ሰዓቱ ከተዛባ የጨረሩን ከሰዓቱ መለየት አይቻልም። ይህን ሕግ ለአያ ዳኘው የነገርኋቸው እኔ ነኝ። በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በፊት ሳጥኖቹን ወደ ፊተኛው ክፍል ያወጡና እንዲረጋጉ ጨርቅ ያለብሷቸዋል፤ እያጸዱም በለሆሳስ ዳዊት ይላሉ። እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ ከጭራው ጫፍ እወጋለሁ፤ ሦስት ጠብታ፣ አለቀ።

ፍልሰታ ገባ።

በዚያ ዓመት ልቆርብ ቆርጬ ነበር። የመጨረሻው ቡድን ጨረር የሚያገኝበት ቀን የተሰጠን ከሐኪሞቹ ነው፤ መሣሪያው የሕመምተኞች ነውና ቀኑ አይለወጥም። የዚያ ቡድን ደም የሚቀዳበት ጠዋትና የምቆርብበት ቀን አንድ ላይ ዋለ። ሌላ ቀን መቁረብ እችል ነበር፤ ሱባኤው ሁለት ሳምንት ነው። ግን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ እናቴ ነጠላዬን አጥባ አስቀምጣለች፤ እኅቶቼ አብረን እንቆርባለን ብለዋል። ቀኑን መለወጥ ከበደኝ። ሰዓቱን መለወጥ ቀለለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ሰዓት ላይ ደሙን ቀድቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቅዳሴው ይሮጥ ነበር። እኔ ግን በቁርባን ቀን ደም ልነካ? እንኳን ደም፣ ምራቄን እንኳ የምጠነቀቅ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆኜ ደወልሁላቸው።

«አያ ዳኘው፣ ዛሬ ልቆርብ ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ እመጣለሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ግን እታለሜ፣ አውጥቻቸዋለሁ'ኮ። ሰዓታቸው ያልፋል።»

«አንድ ቀን ምን ይሆናሉ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰዓት ይጠበቅ ያልሽ አንቺው ነሽ።»

የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስደርስ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። አያ ዳኘው ፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ከለበሱት ሳጥኖች አጠገብ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠብቀውኛል። «ልመልሳቸው ብል፣ ወዲያ ማለት ወዲህ ማለት ደግሞ ሌላ መንገላታት ነው ብዬ ተውሁት» አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሲያዩኝ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለሥጋ ወደሙ ያበቃሽ አምላክ ይመስገን» አሉ። መርፌውን ሳነሣ ግን እጄን ያዙኝ።

«ተይ። አንቺ ዛሬ ደም አትነኪም። እኔ እወጋቸዋለሁ፤ አንቺ ጻፊ።»

ጠባቂ መውጋት አይፈቀድለትም። ተውኋቸው። አንድ በአንድ፣ አይጦቹ እንኳ ሳይደነግጡ፣ ከእኔ በተሻለ እጅ ወጓቸው። ቡድኑን ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ለማነጻጸሪያ የምንቀዳቸውን፣ ጨረርም መድኃኒትም ያላገኙትንም ጭምር። እኔ መዝገቡን ይዤ ቁጥር እጽፋለሁ። ሰዓት የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «ጠዋት 3፡00» ብዬ ጻፍሁ።

በቆረብሁ ዕለት። ነጠላዬ ገና አፌ ላይ እንዳለ።

አያ ዳኘው በትከሻዬ በኩል አዩት። «ኧረ ልጄ?» አሉ።

«ዶክተሩ ይቆጣሉ» አልኋቸው።

መጥረጊያቸውን አነሡ። ያን ዕለት ሲጠርጉ ዳዊት አላሉም።

ወር ያህል ቆይቶ ውጤቱ መጣ። ዶክተሩ ሁላችንንም ቢሮአቸው ጠሩን፤ እኔና ስንታየሁ ወንበር ላይ፣ አያ ዳኘው በሩ አጠገብ ቆመው፣ የግቢው ዘበኛም ከኋላቸው። ዶክተሩ ወረቀቱን እየመቱ፣ «የመጨረሻው ቀን ሁሉም አይጥ ሆርሞኑ ወጥቶበታል» አሉ። «መድኃኒት የወሰደው ይቅር፤ ምንም ያልነካቸው እንኳ! ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ተደርጓል። ምንድን ነው የተደረገው?»

ስንታየሁ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ «አያ ዳኘው አስማት አንብበውባቸው እንዳይሆን!» አለ። ዘበኛው ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቁም።

«አቶ ዳኘው፣ እውነት አይጦቹ ላይ የሚያነቡት ነገር አለ?»

«ዳዊት ነው የምል፣ ጌታዬ።»

«ለአይጥ?»

«ኧረ ለራሴ።»

ዘበኛው በዚያን ቀን ማለዳ ሳጥኖቹ ወጥተው ማየቱን፣ ከሰዓት በኋላም እዚያው እንደነበሩ ተናገረ። እውነቱን ነው። ዶክተሩ ወደ አያ ዳኘው ዞረው፣ «ቀኑን ሙሉ ውጭ አዋሏቸው? ማን አዘዘዎት?» አሉ።

እኔ መዝገቡን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። አያ ዳኘው ወደ እኔ አልተመለከቱም። አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም። የወለሉን ንጣፍ እያዩ፣ «የኔ ጥፋት ነው» አሉ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደሙን በሰዓቱ ነው የቀዳሽው?»

«አዎ። ሦስት ሰዓት ላይ።»

የመጀመሪያው ይህ ነው። በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በኋላ አርመዋለሁ እል ነበር። ግን በአፌ ተናገርሁት፤ አራት ሰው እየሰማ።

የኮንትራት ዘመናቸው መስከረም ላይ ሲያልቅ አልታደሰላቸውም። ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ ግቢው በር ድረስ ተከትያቸው ሮጥሁ። ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር። «አያ ዳኘው፣ ስለ እኔ ብለው...» ስል አቋረጡኝ።

«ስለ አንቺ ብዬ አይደለም» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «በቆረብሽበት ቀን ነው የዋሸሽው። እኔ ባወጣው የሚነሣው ያንቺ ስም ብቻ መሰለሽ? ቁርባኑን ነው የፈራሁ። አንቺን አልሸፈንሁም።» ከዚያ ከረጢታቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው፣ «ሃያ ሰባት ደረቅ ሳል ይዟቸዋል፤ ጭድ ቀይሪላቸው» አሉኝና ሄዱ። ቁጥር ሃያ ሰባት አይጥ ነው።

ቡድኑ እንደገና ተሠራ፤ በሰዓቱ። ውጤቱ ሸጋ ሆነ፤ እሪ ባዩ ሲያዝ ጭቃ ሹሙ ከእንቅልፉ በግማሽ ብቻ ነቃ። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «የአንድ ቀን ናሙና የእንስሳት ተንከባካቢው በፈጠረው ረብሻ ምክንያት ከጥናቱ ወጥቷል።» በዚያ ጽሑፍ ተመረቅሁ፤ በዚያ ጽሑፍ ወደዚህ አገር የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ስለ ጭንቀት ሆርሞን የጻፈች፣ ሰው ሁሉ ጠንቃቃ የሚላት እኔ ነኝ።

የስንታየሁ ቀልድ ከቢሮው ብቻውን አልቀረም። ዘበኛው የደምቢያ ሰው ነው። ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለእኅቷ፤ ቆላ ድባ ሲደርስ ቀልድነቱ ቀርቶ፣ «ዳኘው የሐኪሞቹ አይጥ ላይ አስማት ሲያነብ ተይዞ ተባረረ» ሆነ። ሌላ ሰው ላይ ቢወራ ይረሳ ይሆናል። ዜማ የተማረ፣ ብራና የሚያነብ ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መጀመሪያ ልጆቻቸውን ዳዊት ያስተምሩላቸው የነበሩት ሰዎች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ከዚያ ማኅሌት ላይ ቦታቸው በሌላ ሰው ተያዘ። ውጡ ያላቸው የለም፤ ሲመጡ የሚቆሙበት ቦታ ጠፋ እንጂ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ስንታየሁ ነው፤ እየሳቀ ጀምሮ ሲጨርስ አይስቅም ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። «ሂጂና ለሰውየው ስሙን መልሺለት» አሉኝ፤ በቃ ይኸው። «ስግደትስ አባ?» ስላቸው፣ «ስግደቱን ከፈለግሽ ስገጂ፤ የኔ ቀኖና ግን ይህ ነው» አሉ። እኔ ሰገድሁ። ጉልበቴ እስኪላላጥ ሰገድሁ። የታዘዝሁት ያ አልነበረም።

ወደዚህ ልመጣ ሳምንት ሲቀረኝ ግን ቆላ ድባ ወረድሁ። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። ቤታቸው ሄጄ በጓዳ ልነግራቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር ሐሳቤ። ገበያው መካከል አገኘኋቸው፤ ነጭ ሽንኩርት ከሚሸጡት ባለቤታቸው አጠገብ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ጠቁረዋል፤ ከስተዋል። ሲያዩኝ ግን ፊታቸው በራ።

«እታለሜ! እሰይ! ፈረንጅ አገር ልትሄጂ ነው አሉ!»

ጉልበት ስስም በሁለት እጃቸው ቀና አደረጉኝ። ሰው ከበበን፤ ገበያ ነውና። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። አንድ ሽበታም ጎረቤታቸው፣ በኋላ እንደ ገባኝ ልጁን ካስቀሩት አንዱ፣ «ይቺ ናት እንዴ ያች የአይጡ ዶክተር?» አለ።

አያ ዳኘው በዚያን ጊዜ ያደረጉትን ሌላ ሰው ላይ አላየሁም። አልጠየቁኝም፤ አለመኑኝም፤ አልከሰሱኝም። ፈገግ ብለው፣ «ይኸው መጣችላችሁ። እዚያው ክፍል አብረን ነው የሠራን። ጠይቋታ» አሉ። ከዚያ ያኔ ግድግዳውን እንዳዩት፣ ከገበያው ዳር ወዳሉት ዛፎች አዩ።

ሰውየው ጠየቀኝ። «እስቲ ንገሪን ልጄ፣ ዳኘው የተባረረ ለምንድን ነው?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። ከአንድ ትንፋሽ የማይበልጥ መልስ ነበረው። አሥር አሥራ አምስት ሰው አፌን ያያል። እኔ፣ «አያ ዳኘው በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» አልሁ።

«ጥሩ ሰው መሆኑንማ እኛም እናውቅ ነበር» አለ ሽበታሙ። «እኮ የተባረረ ለምንድን ነው?»

«የቢሮ ጉዳይ ነው» አልሁ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ከመጀመሪያው ይከፋል። በመጀመሪያው ፈርቼ ነበር፤ በዚህኛው ግን ዶክተር የለ፣ መዝገብ የለ፣ የሚወስድብኝ ነገር የለ። ሰው ፊት ማፈር ብቻ ነበር ያለብኝ፤ ያች አሸነፈችኝ። ሰውየው «እህ» አለና ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ ሌሎቹም ተበተኑ። የተበተኑት መልሳቸውን አግኝተው ነው። አብራቸው የሠራችው ሰው ወሬውን ሐሰት ነው አላለችም፤ ደብቃ ብቻ ሄደች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?

አያ ዳኘው ዛፎቹን ማየት ትተው ወደ እኔ ተመለሱ። «በይ፣ ማኪናሽ ይሄድብሻል» አሉኝ። ባለቤታቸው አንድ እጅ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ሊሰጡኝ ሲነሡ፣ «ተይ፣ ፈረንጅ አገር አይገባም» ብለው አስቀሯቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሳቸው ላይ ያየኋት ብቸኛዋ ምሬት ያች ናት።

ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም። ስንት ጊዜ ልጻፍላቸው ብዬ ጀመርሁ። በየዓመቱ ለፍልሰታ እጾማለሁ፤ አልቆርብም። እዚህ ያሉት እኅቶች ከትሕትና ይቆጥሩልኛል።

አሁን የምለምነው በእነዚያ ሁለት ቀናት የነበሩትን ነው።

ስንታየሁ፣ ቢሮ ውስጥ ነበርህ። ዶክተር፣ እርስዎም ነበሩ፤ በጽሑፌ ላይ ፊርማዎ አለ። እርስዎን የምለምነው ያቺ ዐረፍተ ነገር እንድትታረም ነው፤ የሚገባውን ደብዳቤ ዛሬ ለእርስዎም ለትምህርት ክፍሉም ልኬአለሁ፤ ዲግሪዬ ላይ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ወንድሜ ዘበኛው፣ አንተም ያየኸው እውነት ነበር፤ ሳጥኖቹ ወጥተው ነበር፤ ያስወጣኋቸው፣ ሰባት ሰዓትም ያዋልኋቸው እኔ ነኝ። ለሚስትህ ንገራት፤ እሷም ለእኅቷ ትንገራት፤ ወሬው በሄደበት መንገድ ይመለስ።

በዚያ ቅዳሜ ገበያ ላይ የነበራችሁ ደግሞ፣ ስማችሁን አላውቅም። የአያ ዳኘው አርባ ገና አልወጣም። መንገዱ ተዘግቷል ይሉኛል፤ መድረስ የምችልበትን ቀን አላውቅም፤ ቢከፈትም እንኳ ከዚህ በፊት ደርሼ ያደረግሁትን ታውቃላችሁ። ስለዚህ በመምጣቴ ላይ አትታመኑ። ስንታየሁ ግን በእግሩም ቢሆን በአርባቸው ቀን ይወርዳል፤ ቃል ገብቶልኛል። ኔትወርክ ከሌለ ይህን ጽሑፍ ዳሱ ውስጥ ያንብበው፤ ካህናቱ፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቹን ያስቀሩት ሰዎች እየሰሙ። ኔትወርክ ካለ ግን ይደውልልኝ፤ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ መካከል ላይ ያስቀምጠው። አንተ ሽበታሙ ሰው፣ በሕይወት ካለህ፣ ተነሥና ያን ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ። ስለ ጥሩነታቸው ልጀምር ብል አቋርጠኝ። እስክመልስ ድረስ ጠይቀኝ።